ሴትዮዋ ትሂድ ያልኩ ዕለት

በሕይወቴ መጀመሪያ የሰጠሁት የመጽሐፍ አስተያየት እናቴን አሳጣኝ። አጋነንሽ የሚለኝ ይኖራል፤ ይበል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሱዳኗ ገዳሪፍ፣ የእትዬ ባሕሪያ ሱቅ ጓሮ፣ ጁምዓ ከሰዓት። አራት አዋቂዎች ተቀምጠው አንዲት ሴት ትሂድ ወይስ ትቅር እያሉ ይከራከራሉ። እኔ የልቦለድ ክርክር መሰለኝና፣ እንደ አንባቢ ልቆጠር ብዬ፣ አፌን ሞልቼ «ትሂድ» አልኩ። ሴትዮዋ እናቴ ነበረች።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ያኔ ገዳሪፍ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ አናውቅም ነበር። መጽሐፍ የሚመጣልን ከሰሊጥ ጋር ነው። ጥቅምት ሲገባ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ሳሉጎቹ፣ የወቅት ሠራተኞቹ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ይሻገራሉ። ከእነሱ አንዱ ጋሼ ባንታምላክ ነው፤ ቀጭን፣ ሳል የማይለቀው፣ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቅያሪ ሸሚዙ ውስጥ አንድ አዲስ ልቦለድ ሸጉጦ ይመጣል። «መጽሐፍ ሻጩን ጥሩው የቱ ነው አልለውም» ይል ነበር፤ «ሰው የተጣላበት የቱ ነው ነው የምለው።»

መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ። አጨዳው ካለቀ ደግሞ ጋሼ ባንታምላክ መጽሐፉን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ተራ ይጠበቅ ቢባል ለማንም አይዳረስም። ስለዚህ እትዬ ባሕሪያ የሱቁን ቢላ ታነሳና የመጽሐፉን ጀርባ ተርትራ አምስት ቦታ ትከፍለዋለች። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በጆንያ መርፌና በሲባጎ ትሰፋዋለች። አምስት ሆኖ ሳለ እያንዳንዱን «ሩብ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ሩቡ በሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጁምዓ ሁሉም ከሥራ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ፣ ከሱቁ ጓሮ ባለችው ዳስ ሥር ተሰብስበው ከርከዴ እየጠጡ ስላነበቡት ይጨቃጨቃሉ።

ጭቅጭቁን ብታዩት! አንዷ ሁለተኛው ሩብ ላይ ናት፣ ሌላዋ አራተኛውን ጨርሳለች።

«ያ አስተማሪ ግን እንዴት ያለ ልበ ቀና ሰው ነው!» ትላለች እናቴ።

«ቆይ፣ አራተኛው ይድረስሽ» ትላለች ሸጊቱ። ሸጊቱ እህል ተራ ሻይ የምትሸጥ፣ ስትስቅ የተቀመጠችበትን የገመድ አልጋ፣ አንገረቡን፣ የምታስጮህ ሴት ነበረች።

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም አላልኩም።»

«ሸጊቱ! ሞተ እንዳትዪኝ!»

«ሞተ ወጥቶኛል? እናንተ ሰዎች፣ ምን አልኩ እኔ?»

ሕግም ነበራቸው። ያወጣችው እትዬ ባሕሪያ ናት። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው፤ ለምን እንደሆነ መናገር ግድ ነው። ያላነበቡትን ሩብ መንቀፍም አይቻልም። ከሁሉ የጠበቀው ግን ይኼ ነው፤ እዚያ ክብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡን ሳይሰጥ አይነሳም። እኔ ክቡ ውስጥ አልነበርኩም። ከኋላ፣ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ነው የሚያስቀምጡኝ። ፊደል እናቴ አስቆጥራኛለች፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ማንም «ሉላ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎኝ አያውቅም። ያን ጥያቄ የምመኘውን ያህል የበዓል ልብስ ተመኝቼ አላውቅም።

እናቴ እናትነሽ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዛሬ እኔ ሃያ ሰባት ስለሆንኩ፣ ምን ያህል ልጅ እንደነበረች የገባኝ ገና አሁን ነው። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ቤት ትሠራለች። ሩቡን የሩዝ ጆንያ ውስጥ ደብቃ፣ ድስቱ እስኪበስል ታነባለች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አራት ዓመቴ ላይ «መጣሁ» ብሎ ወደ ሊቢያ ሄደ፤ መምጣቱን እሱ ይወቅ። እናቴ ከዚያ ወዲህ የብረት በራችን በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ ትነሳ ነበር። እኔ እንግዳ የምትወድ ይመስለኝ ነበር።

እንደሷ ያለ አንባቢ ግን አልነበረም። በገጸ ባሕርያት ላይ ትናደዳለች፣ ስማቸውን ጠርታ ትሰድባቸዋለች፣ ሲሞቱ ሦስት ቀን ትከፋለች። ጁምዓ ሊመጡ የማይፈቀድላቸው፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ሳይቀሩ፣ ሩቡን ከመቀበላቸው በፊት «እናትነሽ ምን አለች?» ብለው ያስጠይቃሉ። እሷ «ልብ የለውም» ካለችው፣ መጽሐፉ ያን ዓመት ጠያቂ አያገኝም።

ዘጠኝ በሆንኩበት ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ ቆየ። ጋሼ ባንታምላክ ወንዝ ሲሻገር ሸሚዙ ውሃ ገባውና የመጽሐፉ መጨረሻ ተጣብቆ ጡብ ሆነ። በምላጭ ሞከሩት፣ በእንፋሎት ሞከሩት፤ እምቢ አለ። አራት ሩብ ብቻ ተሰፋ። ታሪኩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአንድ አስተማሪ ጋር ፍቅር ይዟት መከራዋን የምታይ። አራተኛው ሩብ የሚያልቀው እሷ በሯ ላይ ቆማ ነው።

ሁሉም አራቱን ሩብ በጨረሱበት ጁምዓ፣ ጋሼ ባንታምላክ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ስመለስ ሌላ ገዝቼ፣ መጨረሻውን አንብቤ፣ ለከርሞ እነግራችኋለሁ።»

«እስከ ከርሞ ማን ይታገሣል?» አለች ሸጊቱ። «እኛው እንጨርሰው!»

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ሸጊቱ ልብስ ሰፊዋን ለአስተማሪው ዳረቻትና ድንኳኑን፣ በሬውን፣ ሚዜዎቹን ሁሉ ቆጠረችልን። ጋሼ ባንታምላክ አስተማሪውን በወባ ገደለው። «አንተ ደግሞ ሰው ሳትገድል አትውል!» ብለው ሳቁበት። እኔም ጆንያዬ ላይ ሆኜ ሳቅሁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አራተኛውን ሩብ ጭኗ ላይ አድርጋ ሲባጎውን ታፍተለትላለች።

«የኔ ለየት ይላል» አለች በመጨረሻ። «ልብስ ሰፊዋ ናት እንበል። ባሏ መጣሁ ብሎ ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖታል። ከባሕር ማዶ፣ ከጅዳ፣ የሥራ ወረቀት መጣላት። መኪናው ሐሙስ ነው። ወረቀቱ ግን ለአንድ ሰው ነው። ልጅ አላት።»

እኔ እስከማውቀው ልብስ ሰፊዋ ልጅ የላትም፤ ባልም የላትም። ልጮህ ብዬ ነበር። ቆይ፣ አልኩ በልቤ፣ በመጨረሻው ሩብ ስንት ነገር ይወጣል፤ የተደበቀ ልጅ የሚወጣበት መጽሐፍ እናቴ አንብባልኛለች። ስለዚህ ዝም አልኩ። አዋቂዎቹ ግን ተያዩ። ሸጊቱ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ታሪኩ ስላማራቸው መሰለኝ።

«ልጅቷን ማን ይይዝላታል?» አለች እትዬ ባሕሪያ።

«አንዲት ጎረቤት አለቻት እንበል። ደግ ናት። አላህ ልጅ አልሰጣትም።»

ይኼን ሰምቶ ያልገባው እኔ ብቻ ነበርኩ። ክርስቲያኗ እናቴ «አላህ» ብላ ስትናገር እንኳ አልነቃሁም። እትዬ ባሕሪያና ባሏ ጣሃ ልጅ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ አውቄ ግን አላገናኘሁትም። የልቦለድ ሰው የልቦለድ ሰው ነው፣ የሰፈር ሰው የሰፈር ሰው።

«ትቅር» አለ ጋሼ ባንታምላክ። ድምፁ ተቆጥቷል። «እናት ከልጇ የምትለይበትን መጽሐፍ አልወድም። ትመለሳለች፣ ትመለሳለች እያልክ ገጽ ትገልጣለህ፤ ገጹ ያልቃል።»

«ትንሽ ቆይታ ልጅቷንም ይዛ ብትሄድስ?» አለች ሸጊቱ።

«የወረቀቱ ጊዜ ያልፋል።»

«እንግዲያ እኔ ምን አውቃለሁ…» ሸጊቱ በለበሰችው ቶብ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ትቅር። ትቅር መሰለኝ።»

ሁሉም ወደ እትዬ ባሕሪያ ዞሩ።

«እኔ አልናገርም» አለች።

«ሕጉስ?» አላት ጋሼ ባንታምላክ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አልናገርም አልኩ፣ ኸላስ!»

እትዬ ባሕሪያ ሐሳብ የላትም ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ሆነ ማለት ነው፣ አልኩ። ከጆንያው ዘልዬ ወረድኩና በእናቴና በሸጊቱ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ።

«እኔ ልናገር?»

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ተጫወቺ» አለኝ ጋሼ ባንታምላክ፤ እሱ ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

«ክቡ ውስጥ የተቀመጠ ይናገራል» አልኩ።

«ትናገር» አለች እናቴ። ዞራ ፊት ለፊት አየችኝ። «ንገሪኝ፣ ሉላ። ሴትዮዋ ትሂድ ወይስ ትቅር?»

ጊዜው ደረሰልኝ። «ጥሩ ነው» ብቻ ማለት አይቻልም፤ ምክንያት ያስፈልጋል። ምክንያት ነበረኝ።

«ትሂድ!» አልኩ። «ባትሄድ ምኑን ልቦለድ ሆነ? ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ ልናነብ ነው?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ታድጋለቻ! በሚቀጥለው ሩብ ትልቅ ትሆናለች።»

እናቴ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሰማችሁ? አንባቢ ማለት ይቺ ናት» አለችና ራሴን ስባ ሳመችኝ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ገዳሪፍን ቢሰጡኝ አልለውጠውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። አውቶቡሱ በሾዋክ፣ በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን ነው የሚሄደው። ለሥራ እንደምትሄድና እንደምትመለስ ነገረችኝ። እትዬ ባሕሪያ እንዳላለቅስ ብላ ሐላዋ ገዝታልኝ ነበር፤ እጄ እስከ ክንዴ በስኳር ተለቅልቋል። እናቴ ጎንበስ ስትል አዲስ ቀሚሷን እንዳላቆሽሽባት ብዬ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ሳላቅፋት ሄደች።

በነጋታው ጁምዓ ነው። አሁን እንግዲህ አንባቢ ነኝና ቀጥ ብዬ ክቡ ውስጥ ተቀመጥኩ።  ጋሼ ባንታምላክ ብርጭቆውን ያያል።

«መጨረሻውን አልጨረስነውም እኮ» አልኩ። «ሴትዮዋ ሄደች ብለን ነው ያቆምነው። እማ እስክትመጣ እንጠብቅ?»

ሸጊቱ ተነስታ ወጣች፤ ከሱቁ በር ላይ ስትንሰቀሰቅ ተሰማኝ። እትዬ ባሕሪያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጨርሰነዋል፣ ሉልዬ» አለችኝ።

ያኔ መጣልኝ። ጅዳ፣ ሐሙስ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ወረቀት፣ አላህ ልጅ ያልሰጣት ጎረቤት። ቀና ብዬ ጎረቤትየዋን አየኋት። ከዚያ ሮጬ ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መሃል ገባሁ፤ ጣሃ መጥቶ ተሸክሞ እስኪያወጣኝ አልወጣሁም። ስለዚያ ቀን ለአሥራ ስምንት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን ከእነዚያ ሰዎች ገዳሪፍ የቀረነው እትዬ ባሕሪያና እኔ ነን። ጣሃ ሞቷል። ሸጊቱ የሱዳኑ ጦርነት በተነሳ በዓመቱ ወደ አገሯ ገባች። ጋሼ ባንታምላክ አንድ ጥቅምት ሳይመጣ ቀረ፤ ከሳሉጎቹ ስለ እሱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከተማው ከካርቱም በተፈናቀለ ሰው ሞልቷል፤ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጽሐፍ የሚመጣልኝ በስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ የአንባቢዎች ቡድን አለን፤ ስንት ሺህ ሰው ነው። «ምን ላንብብ?» «ይኼን አንብቡልኝ፣ አለቀስኩበት።» «እኔስ አልተዋጠልኝም።» ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እገባለሁ። አስተያየቴ መራር ነው ይሉኛል። አንዳቸውንም በአካል አላውቃቸውም። ከሺዎቹ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ስልኩን ሳስቀምጥ፣ የሱቁ ዝምታ ያስፈራኛል።

እናቴም አልተመለሰችም። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ኮሮናው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ። እዚያ ሌላ ኑሮ እንዳላት ከጀርባዋ ከሚሰሙት ድምፆች አውቃለሁ፤ አልጠይቃትም። ድምፅ ቀርጸን እንላላካለን። እሷ ልብስ እየተኮሰች ነው የምትቀርጸው፤ ካውያው ሲተነፍስ ይሰማል። ሰላምታችን «ምን እያነበብሽ ነው?» ነው። «መግቢያው ረዘመብኝ» ትለኛለች። «ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ ታገሺው» እላታለሁ። እሷ የጠቆመችኝን አነባለሁ፣ እኔ የጠቆምኳትን ታነባለች፣ እንጣላበታለን፣ እንታረቃለን። ስለኛ ግን አንድ ቃል የለም። ከእናት ጋር በየሳምንቱ እያወሩ እናትን መናፈቅ ምን እንደሚመስል ለማን ልናገር? እናቴ ናፍቃኛለች።

በቀደም ጁምዓ ለእትዬ ባሕሪያ ከስልክ ላይ አንድ ልቦለድ አነብላት ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ልጇን ለሰው ሰጥታ የምትሄድ ሴት ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ሉልዬ፣ ያን ቀን ለምን እንዳልተናገርኩ ታውቂያለሽ?»

የትኛው ቀን አላልኳትም።

«አፌን ብከፍት ትሂድ እል ነበር» አለች። «ትሂድና ልጅቷ ለኔ ትቅር። ወላሂ፣ ልቤ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ደግ ስለሆንኩ ዝም ያልኩ እንዳይመስልሽ።»

የምቆጣ መስሏት ጠበቀች። አልተቆጣሁም። ቀናሁባት፤ እሷ ተናግራ ቀለላት። እጇን ስሜ ወደ ሱቁ ወጣሁና ስልኩን ከፈትኩ። በቀጥታ ለመናገር ግን አቃተኝ። ድሮ እናቴ የሄደችበትን መንገድ ሄድኩ።

«እማ» ብዬ ቀረጽኩ፤ «አንድ አዲስ ልቦለድ ጀምሬያለሁ። አንዲት እናት ሥራ መጣላትና ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ ልጇን ጠየቀቻት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ መስሏት ትሂድ አለች። እናትየዋም ሄደች። እንዴት ታዪዋለሽ?»

ሦስት ቀን ኔትወርክ ጠፋ። ሦስት ቀን ሽንብራ ስመዝን ተሳሳትኩ፤ ደንበኞች ሳቁብኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ካውያው እየተነፈሰ ነው።

«ሉላዬ፣ እውነቴን ልንገርሽ? አልወደድኩትም። ደራሲው ፈርቷል። በዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ የምትሄድ እናት የለችም። ሴትዮዋ ሳትጠይቅ በፊት ሄዳለች፤ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ነው። መሄድ ስለፈለገች ነው የሄደችው። ወጣት ናት፣ ደክሟታል፣ በር በሩን እያየች ማርጀት አልፈለገችም። ደራሲው ይኼን መጻፍ ከበደውና በልጅ አሳበበ። ነውር ነው። ለሰው አትጠቁሚው።»

አራት ጊዜ ሰማሁት። የገባት ይሁን ያልገባት ከድምጿ መለየት አልቻልኩም። እንደ ሁልጊዜው የአንባቢ ቁጣ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ከትከሻዬ ወረደ፤ አልዋሽም፣ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣ። ፈልጋ ነው የሄደችው። ሻንጣው እኔ እዚያው አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለ ከሥሬ ነበር። ደንበኛ ገብቶ ስኳር ሲጠይቀኝ የለም አልኩት፤ ጆንያው አጠገቤ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ መልእክት ገባ። አጭር ነው። ካውያው አይሰማም።

«ሉላ… ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነች? እሱን ጽፎታል?»

ምን በላሽ፣ ምን አነበብሽ፣ አመመሽ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ይኼን ጠይቃኝ አታውቅም። ከጓሮ እትዬ ባሕሪያ «ማን ነው?» አለች። «እማ ናት» አልኳት። የሱቁን በር ዘጋሁ፤ ሆድ የባሰው ድምፄ እስኪስተካከል ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። መቅረጫውን ተጫንኩ።

«አልጻፈውም፣ እማ» አልኳት። «እኔ ልንገርሽ።»